ከአደይ ጓሮ ስር

ሳንቲሟን የገዛኋት በ150 ብር ነው። ልጁ መጀመሪያ 300 አለኝ። ተከራከርኩት። እሱ ሲቀንስ እኔ ስጨምር 150 ላይ ተገናኘን። ብሩን ተቀብሎ ሮጠ። እኔም ሳንቲሟን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ግን አላደረም።

ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አክሱም ውስጥ ነው። ዓመታት አለፉ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ስለ ሐውልቶቹ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጨምረው የለኝም። የምጽፈው ስለዚያች ሳንቲም፣ ስለ አንድ ጓሮ፣ እና መልስ ስላጣሁለት አንድ አጭር ጥያቄ ነው።

ለመሥሪያ ቤት ሥራ ነበር የሄድኩት፤ ለአሥር ቀን። ሆቴል አልያዝኩም። የሥራ ባልደረባዬ አክስት እዚያ ይኖራሉ። "እሷ እያለች ሆቴል ከገባሽ እኔን ነው የምትቀየመው" አለችኝ። ከማርያም ጽዮን በስተ ምዕራብ፣ የድሮው ሰፈር ውስጥ፣ ጠባብ የድንጋይ አጥር ተከትለው ሲሄዱ ቤታቸው ይገኛል። ሰፈሩ ሁሉ አደይ ይላቸዋል። በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እኔም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አደይ አልኳቸው። እሳቸውም "ጓለይ" ይሉኝ ጀመር፤ ልጄ።

ልጁን ያገኘሁት በአምስተኛው ቀን፣ ከሥራ ስመለስ ነው። ከሐውልቶቹ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። አሥራ አንድ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። መዳፉን ከፈት አድርጎ አሳየኝ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ አረንጓዴ የለበሰች የነሐስ ሳንቲም። በአንድ በኩል የሰው ፊት አለ። በሌላ በኩል መስቀል። በመስቀሉ ዙሪያ የማላነበው ፊደል።

ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከወጣው የቅርስ አዋጅ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር እንደ ሽንኩርት የሚሸጥና የሚገዛ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ። ለራሴ የነገርኩት ግን ሌላ ነው። "አንድ ፈረንጅ ወስዶት ከአገር ከሚወጣ እኔ ጋ ቢቀመጥ ይሻላል።" ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ እንደሚገዛ በኋላ ገባኝ።

## "ከየት አመጣሽው?"

ማታ ቡና ተፈልቷል። አደይ ከረከቦቱ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሳንቲሟን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጓት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩዋት።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከልጅ ገዛሁት።"

ምንም አላሉም። ሳንቲሟን መዳፌ ላይ መልሰው አስቀመጧት። ጀበናውን ከእሳቱ አነሱ። ትንሽ ቆዩና ብድግ አሉ። "ንዒ ጓለይ፣ ነይ። ስልክሽን አብሪ" አሉኝ።

በማጀቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣን። ጓሮው ሰፊ አይደለም። በቀኝ በኩል መጸዳጃ ቤቱ አለ፤ ከማጀቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ይህ ነገር ሲገርመኝ ነበር። እንዲህ ንጹሕ የሆኑ ሴት፣ ምግብ ከሚሠሩበት ቦታ አጠገብ መጸዳጃ ለምን ሠሩ? ጓሮው ጥግ ላይ ባዶ ቦታ እያለ?

ያ ባዶ ቦታ ላይ ጤና አዳምና ቃሪያ ተተክሏል። አደይ እዚያ ወሰዱኝና መሬቱን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ስር ደረጃ አለ" አሉ።

ታሪኩን ቆመው ነገሩኝ። ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ፣ በ1980ዎቹ ውስጥ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ጀመሩ። አንድ ሰው ቁመት ያህል ሲወርዱ ዶማው ድንጋይ መታ። አለት መስሏቸው ነበር። ጠርገው ሲያዩት ግን ጠርዙ እንደ ሳጥን ቀጥ ብሎ የተጠረበ ነው። ከሱ በታች ሌላ አለ። ከዚያ በታች ሌላ። ወደ ውስጥ የሚወርድ ደረጃ።

የዚያን ሌሊት አልተኙም። አደይ እንዳሉኝ፣ ባልና ሚስት ጉድጓዱ አፍ ላይ ፋኖስ ይዘው ተቀመጡ። ወርቅ ሊኖር ይችላል። አጽም ሊኖር ይችላል። ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል? ልጆቹ አምስት ናቸው፣ የአንዱ ደሞዝ አይበቃም። ጠዋት ላይ ባለቤታቸው ሄደው ለሚመለከታቸው ሰዎች ተናገሩ። ሰዎቹ መጡ፣ ለኩ፣ ጻፉ። "መልሳችሁ ድፈኑት። እዚህ ላይ ምንም አትሥሩ" አሏቸው። ደፈኑት። መጸዳጃው ወደ ማጀቱ ተጠጋ። በቃ፣ ይኸው ነው።

"አላጓጓዎትም? ውስጡን ማየት?" አልኳቸው።

"አጓጉቶኛል እንጂ" አሉ። "እስካሁን ያጓጓኛል። ሌሊት ስነቃ አስበዋለሁ። ግን የኔ አይደለም። እኔ በላዩ ነው ያለሁት።"

ከዚያ ወደ መዳፌ አዩ። ሳንቲሟ አሁንም በእጄ ነበረች። "እሷም እንዲህ ካለ ቦታ ነው የወጣችው" አሉኝ። ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ተኛን። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

## መዝገቡ ላይ ያለው ባዶ ቦታ

በማግሥቱ ሳንቲሟን ይዤ ሙዚየም ሄድኩ። ልሰጥ ነው የሄድኩት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ምስጋናም ጠብቄ ነበር።

የተቀበለኝ ሰው ዝምተኛ፣ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። አልተቆጣኝም፤ አላመሰገነኝምም። ሳንቲሟን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጣት። በአጉሊ መነጽር ለረጅም ጊዜ አያት። "ሐሰተኛ መስላኝ ነበር" አለ። "ብዙዎቹ ሐሰተኛ ናቸው። ይቺ ግን እውነተኛ ናት።"

ከዚያ አነበበልኝ። ፊደሉ የግሪክ ነው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ትመታ ነበር። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ነው። ነሐሱ ለገበያው፤ ለጨው፣ ለእህል። ፊት ባለበት በኩል አንድ ቃል አለ። "ባሲሌውስ"፤ ንጉሥ ማለት ነው። የትኛው ንጉሥ? አልተጻፈም። ስም የለውም። መስቀሉ ባለበት በኩል ደግሞ ዙሪያውን የተጻፈ ዐረፍተ ነገር አለ። ሰውዬው በጣቱ ሳይነካ በእርሳሱ ጫፍ እየተከተለ ተረጎመልኝ።

"ይህ አገሬውን ደስ ያሰኝ።"

ዝም አልኩ። ከ1,500 ዓመት በላይ ያለፈው ንጉሥ፣ ስሙን እንኳን ሳይጽፍ፣ ለገበያ ሴት እጅ የምትገባ ጥፍር የምታክል ነሐስ ላይ ያስቀመጠው ምኞት ይህ ነው። እኔ ደግሞ 150 ብር ከፍዬ መሐረብ ውስጥ ጠቅልያት ነበር።

ከዚያ ሰውዬው አንድ ትልቅ መዝገብ ከፈተ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ቀን ጻፈ። "የነሐስ ሳንቲም" ብሎ ጻፈ። ያስረከበው ሰው ስም በሚለው ቦታ የኔን ስም ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

"የት ነው የተገኘችው?"

"ከልጅ ገዛሁት" አልኩ። የማታው መልስ ነው። ለአደይ የሰጠሁት ያው መልስ።

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ" አለኝ፣ በረጋ ድምፅ። "ከመሬት የወጣችው የት ነው?"

የማውቀው ነገር አልነበረም። ልጁን አልጠየቅኩትም። ዋጋ ተከራክሬ፣ ሐሰት ትሁን እውነት ተጠራጥሬ፣ ደጋግሜ ገልብጬ አይቼ፣ "ይሄን የት አገኘኸው?" የሚለውን አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው የገዛኋት። እንዴት አልጠየቅኩም? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። የሆነ ነገር ስንገዛ የምንጠይቀው ዋጋውን ነው መሰለኝ። የሰጠንን መሬት አንጠይቅም።

ሰውዬው ታግሶ አስረዳኝ። አንዲት ሳንቲም ወለል ላይ ወድቃ ከተገኘች፣ ሰው በዚያ ወለል ላይ በየትኛው ዘመን ይራመድ እንደነበር ትናገራለች። ከግድግዳ መሠረት ስር ከተገኘች፣ ግድግዳው ከሷ በኋላ እንደተሠራ ትመሰክራለች። መቃብር ውስጥ ከሆነች ሌላ ነገር ነው። አጠገቧ ያለው የሸክላ ስባሪ፣ አመዱ፣ የእህል ፍሬው ሁሉ ከሷ ዕድሜ ይዋሳል። ሙሉ ቤት በአንዲት ሳንቲም ዘመኑ ሊታወቅ ይችላል። "አሁን ግን" አለኝ፣ "ስለ ራሷ ብቻ ነው የምትናገረው። ስለ ራሷ ደግሞ ቀድመን የምናውቀውን ነው።"

መዝገቡ ላይ "ያልታወቀ" ብሎ ጻፈ።

እዚያ ቃል ላይ ዓይኔ ቀረ። ከዚያ በፊት ቅርስ መዝረፍ ማለት ለኔ በሌሊት መቃብር ሰብሮ መግባት፣ ወይ ሐውልት በመርከብ ጭኖ መሄድ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በመሐረብ፣ በ150 ብር ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያጠፋሁት ሳንቲሟን አይደለም፤ እሷ አለች፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች። ያጠፋሁት "የት" የሚለውን ነው። እሱ ደግሞ ገንዘብ ከፍለው የሚመልሱት ነገር አይደለም።

ከሙዚየሙ ስወጣ ትልቁን ሐውልት አየሁት። የወደቀውን። 33 ሜትር ርዝመት፣ 520 ቶን ገደማ ክብደት። ተሰባብሮ በወደቀበት ተጋድሟል። ማንም ኪሱ አይከተውም። የት እንደነበር ማንም አይጠይቅም፤ እዚያው ነው። አንድ ግራም ያህል የምትመዝነው ሳንቲም ግን በየቀኑ ከመሬቷ ትለያለች። ክረምት ሲወጣ፣ ጎርፍ አፈሩን ሲያጥበው፣ ሞፈር መሬቱን ሲገለብጠው ብቅ ትላለች። ልጆች ያውቋታል። ገዢም ያውቃሉ።

ልጁን ፈለግኩት። ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ሲያየኝ ሊሸሽ ነበር፤ ብሬን ላስመልስ የመጣሁ መሰለው። "ብሩ ያንተ ነው። የት እንዳገኘሃት ብቻ ንገረኝ" አልኩት። አላገኛትም። ከጓደኛው ተቀብሏት ነው። ጓደኛው ከአጎቱ ልጅ። የአጎቱ ልጅ ከብት ይጠብቃል። "የት ነው የሚጠብቀው?" አልኩት። እጁን ዘርግቶ ምዕራቡን በሙሉ አሳየኝ። ከዱንጉር ፍርስራሽ እስከ ጉዲት የሐውልት ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ተራራው። ያ ሁሉ እርሻ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። ደብተር ሊገዛበት ይችላል። ገዢ ባይኖር ኖሮ ሳንቲሟ ለሱ ጠጠር ናት፤ ወይ ለአስተማሪው ይወስዳት ነበር። ገዢዋ እኔ ነኝ።

## አስፋልት ስር ያለው አዳራሽ

የሙዚየሙ ሰው ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር፤ እሱም አብሮኝ ይኖራል።

በየቀኑ በባጃጅ ወደ ሥራ የምሄደው ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ተመላልሼበታለሁ። "በቤተ መንግሥት ላይ ነው የምትሄጂው" አለኝ። ተዓካ ማርያም ይባላል። በ1898 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በኤኖ ሊትማን የተመራ የጀርመን ቡድን መጥቶ አክሱምን አጠና። ቡድኑ ጥቂት ወራት ነው የቆየው። በዚያች ጊዜ ግን የተዓካ ማርያምን ፍርስራሽ ለክቶ በሥዕል አስቀመጠ። በአደባባዮችና በክፍሎች የተከበበ፣ ስፋቱ 120 በ80 ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ ቤተ መንግሥት። በጣሊያን ወረራ ዘመን በላዩ ላይ መንገድ ተጠረገበት። ዛሬ ስለዚያ ቤት የምናውቀው በዋናነት ከእነዚያ ሥዕሎች ነው።

በዚያው ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ተወሰደ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሮም ላይ ቆመ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ልትመልሰው ቃል ገባች። አልመለሰችም። ትውልድ ጮኸ፣ ትውልድ ጻፈ፣ ትውልድ ፈረመ። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ። ቴሌቪዥን ላይ ስናይ ቤታችን ውስጥ እልልታ ነበር። እናቴ አልቅሳለች። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በሚሌኒየሙ ዓመት ማብቂያ ተመረቀ። ተገቢ ነበር። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ግን ለተዓካ ማርያም የጮኸ አለ? ሐውልት ሲወሰድ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ቦታው ራሱ ይጮኻል። አስፋልት ስር የቀረ አዳራሽ ግን ምንም ድምፅ የለውም። ባጃጅ በላዩ ይሄዳል፣ ግመል በላዩ ይሄዳል፣ እኔ ስልኬን እየነካካሁ በላዩ ሄጃለሁ። የተወሰደብንን አስመለስን። የተረገጠብንን ግን እንደተረገጠ አናውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? እኛ ደግሞ በእግራችን ስር ያለውን ጭራሽ አልቆጠርነውም።

ሌሎችም አሉ። ያው የጀርመን ቡድን እንዳ ስምዖንና እንዳ ሚካኤል የሚባሉ ሁለት ሌሎች ታላላቅ ሕንፃዎችን መሠረት በዚያው ሰፈር አግኝቶ ስሏል። ቤትና አጥር ያለበት ሰፈር ነው። ሰው ይወልዳል፣ ልብስ ያጥባል፣ በርበሬ ያሰጣል። ሐውልቱን መልሶ ለመትከል ቦታው ሲጠና ደግሞ፣ መሬቱን ሳይቆፍሩ ውስጡን በሚያሳዩ መሣሪያዎች ተፈተሸ። ከመሬቱ በታች የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታወቀ። ቦታው ከዚያ በፊት መኪና ማቆሚያ ነበር። ለዓመታት አስጎብኚዎች "አክሱም እዚያ ነው" ብለው ወደ ሐውልቶቹ እየጠቆሙ፣ አውቶቡሳቸውን መቃብሩ ላይ ያቆሙ ነበር።

## ክዳን

ከዚህ በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉም የሚያስበውን ነው። ቤቶቹ ይነሱ። ሰዎቹ ካሳ ይከፈላቸው። ይቆፈር። እንይ። አገር የሚያኮራ ነገር ጓሮ ስር ተቀብሮ እንዴት ጤና አዳም ይተከልበታል?

ይህን ለዚያው ሰው ነገርኩት። ለመሰናበት ሄጄ ነበር። ወዲያው አልመለሰልኝም። ቆየት ብሎ፣ "ዱንጉርን አይተሻል?" አለኝ። አይቻለሁ። ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለው ነው፤ አጥኚዎች ግን ወደ ስድስተኛውና ሰባተኛው መቶ ዘመን ያስጠጉታል። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ተቆፈረ። ብዙ ነገር አስተማረ። ደረጃው፣ ክፍሎቹ፣ ምድጃው ይታያል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ሣር በመገጣጠሚያው ይበቅላል። መጠገን ያስፈልገዋል፤ ጥገናም እንደገና ጥገና ይፈልጋል።

"መቆፈር ማንበብ ነው" አለኝ። "ግን እያነበብሽ ገጹን እየቀደድሽ የምትሄጂበት መጽሐፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ጥሩ አንባቢ እስኪመጣ መዝጋት አለ።"

ምሳሌም ነገረኝ። ከሐውልቶቹ ብዙም ሳይርቅ፣ በሸክላ ጡብ ቅስት የተሠራ መቃብር አለ። በ1966 ዓ.ም. በኔቪል ቺቲክ ቡድን ተገኘ። ወዲያው ግን ሙሉ በሙሉ አልተቆፈረም። ሥራው ተቋረጠ፤ እሱም ተዘግቶ ቆየ። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ዴቪድ ፊሊፕሰን የመራው ቡድን መጥቶ በእርጋታ ቆፈረው። ያ ቡድን የሚያነበው የበፊቱ ሊያነበው የማይችለውን ነው። የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ፣ የወይን ሐረግና እንስሳት ያሉበት፣ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተሰባብሮ ተገኘ። ስብርባሪውን እያንዳንዱን ከነቦታው መዘገቡት። ከነቦታው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የአደይን ጓሮ ዛሬ ልክፈት ብል፣ ከታች ያለውን ለማየት ስቸኩል ከላይ ያለውን አፈርሳለሁ። ከላይ ያለው ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ደረጃውን ሠላሳ ዓመት የጠበቀው አጥር አይደለም፤ ዘበኛም አይደለም። የአደይ ቤት ነው። ድስት ክዳን እንዳለው ሁሉ ያ ቤት ክዳን ሆኖ ቆይቷል።

ግን እዚህ ላይ ዝም ብዬ "ሕዝቡ ይጠብቃል፣ ተመስገን" ብዬ ማለፍ አልችልም። ጥበቃው ዋጋ አለው፤ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። የአደይ መጸዳጃ ማጀታቸው ላይ ነው። ክረምት ላይ ሽታው ወጥ ውስጥ ይገባል። ይህን ሲነግሩኝ አፍረው ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው ሲያገባ ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ልሥራ ብሎ ነበር። አልተቻለም። ኪራይ ፍለጋ ሌላ ሰፈር ሄደ። "አጠገቤ ይሆን ነበር" አሉኝ። ድንጋዩ ሳይሆን ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት የምታንገበግበኝ። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን "የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ" ስንል፣ የታሪኩን ኪራይ የሚከፍል ሰው አለ። ልጁን ከአጠገቡ ያጣ። ለዚያ ሰው ቢያንስ ጥሩ መጸዳጃ የሚሠራ መሐንዲስ ልንልክ አንችልም ነበር? ሳይቆፈር የሚሠራ ዓይነት አለ። ሐውልት በአውሮፕላን የተመለሰላት ምድር ናት።

በመጨረሻው ማታ አደይን ጠየቅኳቸው። ያኔ ለማንም ባይናገሩ ኖሮ፣ ዝም ብለው ድንጋዩን አፍርሰው ጉድጓዱን ቢቆፍሩ፣ ማን ያውቅ ነበር?

"ማንም" አሉ።

"ታዲያ?"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አሰቡ። "ሰውዬው ጠርቦታል እኮ" አሉኝ። "አይተሽው ቢሆን እንዲህ አትጠይቂኝም ነበር። ጠርዙ... በጣቴ ነካሁት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ስንት ቀን፣ ጠርቦታል። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዴት ይሸናል?"

## ስልኩ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆነ። ጦርነቱ መጣ። ስልክ ተቋረጠ። እኔና ባልደረባዬ በየቀኑ ቁጥሩን እንሞክር ነበር፤ አይጠራም። ስለ አክሱም የምንሰማው ነገር ሌሊት የሚያስተኛ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ስለ ድንጋይ አላሰብኩም። ስለ ሳንቲምም አላሰብኩም። የማስበው የአደይን እጅ ነው፣ ሳንቲሟን በነጠላ ጫፍ ሲጠርግ።

መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ ያገኘቻቸው ባልደረባዬ ናት። እያለቀሰች ስልኩን ሰጠችኝ። "ጓለይ" አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ስለ ሰዎቹ ተነጋገርን። ያለውንና የሌለውን። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ የሳቸው ነው።

ልንዘጋ ስንል እሳቸው ራሳቸው አነሱት። የማጀቱ የጓሮ በኩል ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ወድቆባቸው ነበር። ልጃቸው መጥቶ እንደገና ሠራላቸው። ግንበኛው መሠረት ልቆፍር ብሎ ጓሮው ጥግ ላይ ዶማ አንሥቶ ነበር።

"እና?" አልኩ።

"አይሆንም አልኩታ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባን። ማጀቴ ትንሽ ጠበበ" አሉ። "ቃሪያው ደርሷል። መቼ ነው የምትመጪው?"